ከአልጋው በኩል

ስትሪትሃም፣ ለንደን
ኦክቶበር 13፣ 2024

ለወንድሜ ለዘርይሁን፣

ይህ ወረቀት አንተንም፣ ልጅህን መቅዲንም፣ ከሁሉ በፊት እትዬ ማሚቱን በደህና ያግኝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ስለ ብርዱ ሌላ የምለው የለኝም።

እንደ ልማዴ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ብትደውይ ምናለ እንደምትል አውቃለሁ። ስደውል "እናቴን ላገናኝሽ" ብለህ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ታደርገዋለህ። እኔም ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። ነሐሴ ላይ ስትሮክ ከጣላቸው ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። እናትህ ናቸው፤ እኔንም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ግን ትንፋሽ ብቻ ሲሆን ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

አንድ ወሬ አለኝ። አንሶላና ፎጣ የማጥብበት የአረጋውያን ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ሊዘጋ ነው። ከገና በኋላ አንሶላው በመኪና እየተጫነ ሌላ ድርጅት ዘንድ ይታጠባል። ማናጀሯ ቢሮዋ ጠርታ ሻይ ሰጠችኝ። "ሁለት ምርጫ አለሽ" አለች፤ የነገረችኝ ግን አንዱን ብቻ ነው።

እዚህ መንግሥት ለአሠሪዎች ገንዘብ ይሰጣል። ግራንት ይሉታል። ሠራተኞቻችሁን አሠልጥኑበት ነው ነገሩ። ገንዘቡ ለእኔ አይደለም፤ በእኔ ስም ለእነሱ ነው። እኔ ረቡዕ ረቡዕ ከተማውን አቋርጬ ሃክኒ ድረስ ሄጄ እማራለሁ፤ ሰው ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ። ስጨርስ ከአንሶላው ወደ ሰዎቹ እዛወራለሁ። ካልጨረስኩስ ብዬ አልጠየቅኩም። እሷም አላነሳችውም።

የሰዎቹን አንሶላ ለብዙ ዓመት አጥቤአለሁ። ሰዎቹን ግን የማውቃቸው በኮሪደር ሲያልፉ ነው።

እንግዲህ ልሠለጥን ነው። እትዬን በእኔ ስም ግንባራቸውን ሳምልኝ።

እህትህ ውብነሽ


አዳማ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለውብነሽ፣

ባሕርና አየር ያልከለከለው ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እንደ ፈቃዱ አለን።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ለመቅዲ አነበብኩላት። "ልሠለጥን ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። "አባዬ፣ እስከ ዛሬ አልሠለጠነችም እንዴ? ይሄን ሁሉ ዘመን ለንደን ተቀምጣ?" አለች። ጎረቤታችን እዮብ ደግሞ እዚያው በረንዳው ላይ ነበር። "እኛ ናዝሬት ሆነን በነጻ ሠልጥነናል፤ እነሱ ከመንግሥት ግራንት ያስፈልጋቸዋል" አለ። እንደ አንቺ አሁንም ናዝሬት ነው የሚለው። ሳቅን።

ሳቁ ግን አልቆየም። ምክንያቱም አንቺ ልማረው ነው ያልሽው ነገር እኛን የቸገረን ነገር ነው።

ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም። እናቴ ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም። በጀርባዋ ተኝታ ስለምትውል ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቁስል ወጥቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየችውና "አገላብጧት። ካላገላበጣችኋት ቁስሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ይደርሳል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ አትመለስም" አለችን። እንዴት እንደሚያገላብጡ ቸኩላ አንድ ጊዜ አሳየችንና ሄደች። በእሷ እጅ ቀላል ይመስላል።

እኛ ስንነካት ትጮሃለች። ቃል አይደለም፣ ድምፅ ነው። መቅዲ ትደነግጥና እጇን ትሰበስባለች፤ እኔም እተዋለሁ። ስንተዋት ቁስሉ ይሰፋል። እንዲህ ነው የምንውለው።

ስለዚህ የሚያስተምሩሽን ጻፊልን። ሌላ ምንም አትላኪ። እጅ የት እንደሚደረግ፣ ከየት እንደሚጀመር፣ እንደ ነገሩሽ አድርገሽ ጻፊልን።

ወንድምሽ ዘርይሁን


ስትሪትሃም፣ ለንደን
ኖቬምበር 24፣ 2024

ለወንድሜ ለዘርይሁን፣

በምሕረቱ እንዴት ሰነበታችሁ። ዘገየሁ። ይቅር በለኝ።

የምንማርበት ክፍል ሃክኒ ውስጥ ከአንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ በላይ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ሆስፒታል ያለ አልጋ አለ። ከጎኑ ሆይስት የሚሉት ቆሟል፤ ሰውን በጨርቅ ታቅፎ ከአልጋ የሚያነሳ ትንሽ ክሬን ነው። ለመማሪያ የመጣ የፕላስቲክ ሰው ነበር፤ ግን አንገቱ ተሰብሮ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። አዲስ ይገዛል ብለዋል። እስከዚያ የሚማሩት በሰው ነው። አንድ ሰው ይተኛል፣ ሌላው ያነሳዋል።

አሠልጣኙ ዴሪክ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ብስኩት ይዞ ይመጣል።

ከአረጋውያን ቤቱ አብራኝ የምትሠለጥን ፍልሞና የምትባል የኤርትራ ልጅ አለች። እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋን ከእናቷ ለቃቅማለች፤ እኔንም በእንግሊዝኛው አንቲ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ትለኛለች። "አንቲ፣ ትሬኒንጉ ቦሪንግ ነው፣ ግን ፔይድ ነን፣ ሶ ዝም በይ" ትለኛለች። ዝም እላለሁ።

ስለ እትዬ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። ገና ነው። ትምህርቱ ገና እዚያ አልደረሰም። ደርሶም ከሆነ እኔ ጋ አልደረሰም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሳህሉ ወደ አገር ቤት እየመጣ ነው። ለቁስሉ የሚሆን ክሬም በእሱ እጅ ልኬአለሁ። ሁለት ቱቦ ነው። ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ነገርም ጨምሬአለሁ።

እትዬን ሳምልኝ።

ውብነሽ


አዳማ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለውብነሽ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ሳህሉ አደራውን አድርሷል፤ እናመሰግናለን። ግን ክሬም አልጠየቅንሽም።

ቁስሉ አሁን የእጅ መዳፍ ያህላል። ነርሷ እያጠበችው ነው፤ ስታጥበው ፊቷን አያለሁ፣ ከፊቷ ላይ ማንበብ የምፈልገውን አላገኝም። "እያገላበጣችሁ ነው?" ትለኛለች። "እየሞከርን ነው" እላለሁ። "እሱን ሁሉም ይለኛል" አለችኝ ባለፈው።

"ገና ነው" ብለሽ ጽፈሻል። እህቴ፣ ምኑ ነው ገና? ሁለት ወር አልፏል። ሰው ማገላበጥ ይህን ያህል የሚያስተምሩበት ምን አለው? ወይስ ለሌላ ሰው እንዳይነገር አስፈርመውሻል? እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳለ እዮብ ነግሮኛል። እዮብ ብዙ ነገር ይናገራል።

መቅዲ ትናንት "አባዬ፣ ምናልባት አታውቅም ይሆናል" አለችኝ። ተቆጣኋት። እንዴት አታውቅም? መንግሥት ገንዘብ ከፍሎላት!

እኔ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ለጠያቂው፣ ለነርሷ፣ ለእድራችን ዳኛ ሳይቀር፤ "ለንደን ያለችው ልጃችን በዚህ ሙያ እየሠለጠነች ነው" ብዬ። ሰዎቹ "ታዲያ ትምጣና ታሳያችኋ" ይሉኛል።

ስለዚህ መጻፉን ተዪው። ነዪ። ትምህርቱ ሲያልቅ ለአንድ ወር ፈቃድ ጠይቂና ነዪ። በእጅሽ አንድ ጊዜ ስታገላብጪያት ብናይ ይበቃናል። ከዚያ እኛው እንቀጥላለን። እሷም አንቺን ስታይ ምን እንደምትል አይታወቅም።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ዘርይሁን


ስትሪትሃም፣ ለንደን
ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

ወንድሜ ዘርይሁን፣

ሰላምታውን አሳጠርኩት። ረጅሙን ደጋግሜ ጀምሬ ተውኩት። ገናም፣ ጥምቀትም መልስ ሳልሰጥህ አለፈ። ደብዳቤህ ስልኬ ውስጥ አለ፤ አውቶቡስ ላይ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

መቅዲ እውነቷን ነው። አላውቅም።

እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያው ረቡዕ ዴሪክ አንገቱ የተሰበረውን ፕላስቲክ ካሳየን በኋላ አልጋውን በእጁ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ዉድ ዩ ማይንድ?" አለኝ። መተኛት አልፈለግኩም። ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ ካልሲዬም ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር። "ኖ" አልኩት። "ታንክ ዩ" ብሎ ትራሱን አስተካከለልኝ።

ገባህ? እኛ አይሆንም ስንል አይሆንም ነው። እሱ ግን የጠየቀኝ "ይከፋሻል ወይ?" ብሎ ነው። "ኖ" ስለው አይከፋኝም ያልኩ ሆነ። እምቢ ብዬ እሺ አልኩ። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ። ግን ሳላስበው አፌ በአማርኛ ቀደመኝ። ማረም ይቻል ነበር። ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ጫማዬን አወለቅኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አልጠየቀኝም። አልጋውን ብቻ አየ።

ከዚያ በኋላ የሥልጠናው ቀን ሁሉ እንደዚያ ነው። ሌሎቹ ያነሳሉ፣ እኔ እነሳለሁ። ሌሎቹ ያጎርሳሉ፣ እኔ እጎርሳለሁ። ቀላል ነኝ፣ አልስቅም፣ አልንቀጠቀጥም። "አንቺ ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ" ይለኛል ዴሪክ። ሊያመሰግነኝ ነው። ፍልሞና ትናደዳለች።

"አንቲ፣ ተርንሽ አይደለም እኮ! ቴል ሂም!"

"ነገ እነግረዋለሁ።"

"ነገ ትሬኒንግ የለም፣ አንቲ። ነገ ሐሙስ ነው።"

አልነገርኩትም። ሐሙስም አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ።

ዲሴምበር ላይ ከግራንቱ መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት መጣች። ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ልታይ ነው። እየዞረች "ምን ተማራችሁ?" ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም መለሰላት። እኔ ዘንድ ስትደርስ ፈገግ ብላ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዬ ሳበችልኝና አለፈች። ለመታመም የተቀጠርኩ መስሏት ይሆናል። ዴሪክ ስማችንን ሲጠራ ከአልጋው ላይ "ሂር" አልኩ። ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ዞረች። ከዚያ ጻፈች። ለገንዘቡ ተኝቼም ቆሜም ያው አንድ ሰው ነኝ።

አልከፋኝም። ልነግርህ ያልቻልኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ሰውነቴ ያፍር ነበር፣ ቀስ እያለ ተወው። ጣራው ላይ ውሃ የፈሰሰበት ቡናማ ቦታ አለ፤ እሱን አያለሁ። በላዬ ላይ ስለ ምሳቸው ያወራሉ፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ቤት ኪራይ። አንድ ቀን እግሬን ከፍ አደረጉትና የማን እግር እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ። አልደነገጥኩም። ለምን እንዳልደነገጥኩ ነው አሁን የማስበው።

ባለፈው ሳምንት ሰርተፊኬት ሰጡኝ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተዘግቷል። ሰኞ ከሰዎቹ ጋር እጀምራለሁ። በሕይወቴ አንድም ሰው አንስቼ አላውቅም።

ፈቃድም አልጠየቅኩም። ብመጣ እጄ ከመቅዲ እጅ አይሻልም። ሰው ተሰብስቦ እኔን እያየ፣ እትዬ እኔን እያዩ፣ እጄን የት እንደማደርግ ሳላውቅ አልጋው አጠገብ ስቆም በሐሳቤ ታየኝ።

የማውቀው ከአልጋው በኩል ያለውን ብቻ ነው። ይጠቅማችሁ እንደሆነ አላውቅም። ልጻፈው።

ሳይናገር የሚመጣ እጅ ይመታል። ቀስ ብሎ ቢመጣም ይመታል። ከመንካታችሁ በፊት ፊታቸው በሚያይበት በኩል ቁሙ። ምን ልታደርጉ እንደሆነ፣ ወደየት ጎን እንደሆነ ንገሯቸው። አይሰሙም ብላችሁ አትለፉት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉን እሰማ ነበር።

በመዳፍ እንጂ በጣት አትያዙ። ጣት ሲይዝህ ዕቃ ትሆናለህ። በብብታቸው አትሳቡ። አንሶላው ላይ አትጎትቱ፤ አንሶላው ቆዳን ይዞ ይቀራል። ሁለት ሆናችሁ ከፍ አድርጋችሁ ነው የምታስጠጓቸው። በጎን ሲተኙ በጉልበታቸው መሐል ትራስ ይግባ፤ ከጀርባቸውም ትራስ ይደገፍ፣ ሙሉ በሙሉ ጎናቸው ላይ አይውደቁ። ተረከዛቸው ፍራሹን አይንካ። የአንሶላ እጥፋት ለቆመ ሰው ምንም አይደለም፤ ተኝቶ ለሚውል ድንጋይ ነው። እጃችሁን አሙቁት።

የሚያስጮሃቸው ሕመም ብቻ አይመስለኝም። መውደቅ ነው። ወደ ጎን ሲያዞሩህ የአልጋው ጠርዝ ይመጣብሃል፤ ሰውነት ወለሉን አስቀድሞ ያየዋል። በሚዞሩበት በኩል አንዳችሁ ቁሙ፤ ሆዳችሁን ከአልጋው ጋር አስጠጉት። እዚያ ሰው እንዳለ ይወቁ።

በላያቸው ላይ ሌላ ወሬ አታውሩ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ለእኔ ማንም አላደረገልኝም። ዴሪክ "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ" ይላል። ስሪ ላይ ያነሱኛል። እኔ ሁልጊዜ ገና ቱ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ከነገራችኋቸው በኋላ ጠብቁ። ስንት እንደሚጠበቅ አላውቅም፤ ጠብቀውኝ አያውቁም።

ስትጨርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርጋችሁ አትተዉአቸው። ወደ በሩ ይሁን።

የምልህ ይህ ነው። ለሰዉ ሁሉ ስለ ነገርከው ይቅርታ፤ የፈለግከውን ንገራቸው።

ውብነሽ


አዳማ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለውብነሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለማንም ሳላሳይ አስቀመጥኩት። ተናድጄ ነበር። ሠለጠነች ብዬ ያወራሁላት ለካ ተኝታ ነው! ለእድሩ ዳኛ ምን ልበለው? ቀን አለፈ። መቅዲ "ከለንደን ወሬ የለም?" ስትለኝ "የለም" እላታለሁ። እሷ ግን የእኔን ስልክ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

አንብባው መጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ነው የጠየቅናት።"

"ይሄ የነርስ ትምህርት አይደለም፣ ልጄ።"

"ነርሷ መች ተኝታ ታውቃለች!"

ከዚያ "ተኛ" አለችኝ። እኔን ነው። አልተኛም ብል ጫማዬን ማውለቅ ጀመረች። ከእዮብ ጋር ሆነው እኔኑ ሲያዞሩኝ ዋሉ። እህቴ፣ ልክ ነሽ። የራሴ ልጅ ናት፣ የራሴ ቤት ነው፤ ጠርዙ ሲመጣ ግን "ያዙኝ!" ብዬ ጮህኩ። እዮብ እስካሁን በእሱ ይስቅብኛል። እኔ አልሳቅኩም። እዚያው እንደተኛሁ እናቴን ያየኋት ከጎን ካለው አልጋ ነው፤ እሷም ታየኝ ነበር።

በማግሥቱ ለእሷ አደረግነው። እኔ በሩ በኩል ቆምኩ፣ ሆዴን አልጋው ላይ አስጠጋሁ። መቅዲ እጇን አሻሽታ አሞቀችና ከፊቷ ቆመች። "እማማ፣ ወደ አባዬ በኩል ልናዞርዎት ነው። ወደ በሩ" አለቻት። መዳፋችንን አስቀመጥን። ጠበቅን።

እናቴ አፏን ከፈተች፤ ልትጮህ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ቆይ" አለች።

ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። መቅዲ እንባዋ ወረደ፣ እጇን ግን አላነቃነቀችም። እኔም አላነቃነቅኩም። ውጭ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ አንቺም አልጻፍሽውም። ጀርባዬን አመመኝ። ከዚያ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ፈቀደች ብለን አዞርናት። ተሳስተን ይሆናል። አልጮኸችም አልልሽም፤ ጮኸች። አጭር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እናዞራታለን። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ቁስሉ እንዳለ ነው። ነርሷ ትናንት አየችውና "አልሰፋም" አለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ግን እኔንና መቅዲን እያጨቃጨቀን ነው። እሷ "'ቆዪ' ነው ያሉት፣ ለእኔ ነው" ትላለች። እኔ "'ቆይ' ነው ያለችው፣ ለእኔ ነው፣ ልጇ ነኝ" እላለሁ። የእናቴ ምላስ ከብዷል፤ የቃሉ መጨረሻ አይለይም።

ስለ መምጣትሽ ከእንግዲህ አልጠይቅም። ያነሳሻቸው ሰዎች እንዴት እንደተቀበሉሽ ጻፊልን።

በደብዳቤ መጨረሻ እናቴ ሰላም ብላሻለች ተብሎ ይጻፋል። አላለችሽም። ያለችው ያንን አንድ ቃል ነው፤ ለማን እንደሆነ ደግሞ አልታወቀም። ላንቺም ሊሆን ይችላል።

ወንድምሽ ዘርይሁን